የአንበሳ መንጋጋ

በየካቲት ታምፔሬ ላይ ፀሐይ አርፍዳ ትገባለች፤
ፊርማዋን ብቻ አኑራ ሳትሠራ ትወጣለች።
እኔም ከሌሊት አውቶቡስ፣ ከመሪው ላይ ወርጄ፣
ጫማዬን ከነበረዶው ደጃፍ ላይ አስወግጄ፣
እንደ ፖስታ የሳሳች አንዲት ከረጢት ቀደድኩ፤
መዳፌ ላይ አቧራ ፈሰሰ፤ ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ።

ዘር ነው ይላል ወረቀቱ። ዘር?
ጤፍ አጠገቡ ቢቀመጥ ባቄላ ነው የሚመስል።
እግዜር አያድርገውና ድንገት አንድ ጊዜ ብስል፣
የአንድ በጋ አበባ ምንጣፍ ውስጥ ሊቀር!

«አፈር አታልብሰው» ይላል፣ «ብርሃን ካላየ አይነሣም።»
እኔ ደግሞ መመሪያ አንዴ ካነበብኩ አልረሣም፤
በእርጎ ጣሳ፣ በእንቁላል ካርቶን፣ ላዩ ላይ በተንኩለት፤
ፕላስቲክ አከናነብኩት፤ ሐምራዊ መብራት ሰቀልኩለት።

በዘጠነኛው ንጋት፣ በአፈሩ ጥቁር ገጽ ላይ፣
አረንጓዴ ሁለት ነጥብ።
ቃሉ ገና አልተጻፈም፤ ክፍተቱ ብቻ ነው የሚታይ።
አርባ አንድ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ደግሜ ቆጠርኩ።

ከዚያ ወዲያ ፍቅር ያዘኝ፤ ፍቅሬም ውሃ ሆነ።
ስገባ፣ ስወጣ፣ «ጠጡ እንጂ፣ በሞቴ!» እያልኩ ሳጠጣ፣
አንገታቸው ከአፈሩ አፍ ላይ እንደ ክር እየቀጠነ
ጎን በጎን ተኙ። የቀሩት ወደ መስኮቱ
ተንጠራሩ፣ ረዘሙ፣ ገረጡ፤ ቁመት ብቻ፤ የለም ጉልበቱ።

በሩ ተንኳኳ። አይሪ ናት፣ ከአራተኛ ፎቅ፣
የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ ከብብቷ መዝገብ የማይወድቅ።
«ከመስኮትህ ሌሊት ሌሊት ሐምራዊ ብርሃን ይወጣል።
ጎረቤት ይጠይቃል።»
የጠረጠረችውን ቅጠል ስሙን ሳትጠራ ጠራችው።
ገለል አልኩላት። ገባች። ጎንበስ ብላ አየችው።
ዝም።
«ወንጀልስ አለ እዚህ ቤት» አለች፣ «እኔ ያሰብኩት አይደለም እንጂ።
በውሃ ነው የገደልካቸው።»

እጅጌዋን ሰበሰበች።
ውሃው ከሥር፣ ከትሪው፤ ፈልገው ይጠጡት።
መብራቱ ከራሳቸው በላይ አራት ጣት፤
ሌሊት አጥፋው፣ እነሱም ይተኙበት።
«ጠዋት ማታ በመዳፍህ ዳብሳቸው፣ ገፋ አድርገህ፤
ነፋስ አያውቁም እነዚህ። ያልተገፋ ግንድ . . .»
አልጨረሰችውም። መቀስ ጠየቀች፣ የጥፍር።
በአንድ ጉድጓድ ሁለት ካሉ አንዱ መሄድ ነበረበት።
«አልችልም» አልኩ።
እሷ ቆረጠች። በየቁራጩ «አንቴክሲ» ትላለች፣ ቀስ ብላ፤
ይቅርታ ማለት ነው።

ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ደህና ነህ ወይ አትልም፤
«ስንት ዲግሪ ነው?» ትላለች። ከዚህ ሌላ አንጫወትም።

ግንቦት ላይ ማስለመድ ሆነ፤ በረንዳ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰዓት፤
በማግስቱ ሁለት፤ ከዚያ የሐይቁን ነፋስ በጥቂቱ ማቅመስ።
አንዷ ቅጠሏ በፀሐይ ነጣ።
ገና ሳምንት ሳይሞላቸው፣ በሌሊት በረዶ መጣ፤
አይሪ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ
ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ትሪ በትሪ አስገባን፣
ጣታችን ደንዝዞ፣ ቃል ሳንለዋወጥ።

ሰኔ። የተረፉት ዘጠኝ ናቸው፤ በሕንፃው መግቢያ፣
ማሳሰቢያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር ቆመዋል።
አንዷ ፈካች፤ ቢጫ፣ ከንፈሯ ዳር ቀይ።
አይሪ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ጫን ስታደርጋት አፏን ከፈተች።
«በኛ ቋንቋ የአንበሳ መንጋጋ ነው ስሟ። በናንተስ?»
አንበሳ ሞልቶናል፣ አልኳት፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።
ለቀቀቻት፤ ተዘጋች። ጫነቻት፤ ተከፈተች።
የምትናገር መስሎን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ቆየን።

የሥራ ሰዓቴ አልፏል።